ቤት ቁጥር አሥራ አራት

«እስቲ ይህን ካርታ ልብ ብላችሁ እዩት» አሉ መምህር ወልደመስቀል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፎ ግማሽ ጉንጫቸውን አረንጓዴ አድርጎታል። «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሥራ ነው ቢባል ማን ያምናል?»

ዘሩባቤል አንገቱን ደፋ። አጠገቡ የተቀመጠው ብሥራት በክርኑ ጎሸም አደረገውና «ሰማህ ዘሩ? ኤ ናት፤ አለቀ!» አለው በሹክሹክታ።

ግድግዳው ላይ የተንጣለለው ካርታ የሁለቱ ነበር። ወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ፣ ከሃላሌ ከተማ ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ አንድ መንደር ነው። የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ በቡናማ መስመር፣ የእንሰት ጓሮዎቹ በአረንጓዴ፣ መንደሩን ለሁለት የሚከፍለው ቦረቦር በሰማያዊ ተሥሏል። ቤቶቹ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ካሬዎች ናቸው። ሁሉም ካሬዎች ነጭ ናቸው። ነጭ ማለት «የመሬት መንሸራተት ምልክት አልታየም» ማለት ነው።

«በዚህ ኮርስ ስለ መሬቱ ለብቻ፣ ስለ ሰዉ ለብቻ፣ ስለ አስተዳደር ወሰን ለብቻ ስንማር ከርመናል» ብለው ቀጠሉ መምህሩ። «እነዚህ ልጆች ግን ሦስቱን አንድ ገጽ ላይ አገናኟቸው። ተዳፋቱ ይኸው። ሰዉ ለምን እዚያ ላይ ቤት እንደሠራ ይኸው። ቦረቦሩ የጎጥ ወሰን በመሆኑ ከማዶ ያሉት ሦስት ቤቶች እንዴት ከሁሉም ነገር እንደራቁ ይኸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለፈው ሳምንት እዚያው መንደር የደረሰውን ሰምታችኋል።»

ሁሉም ሰምቷል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ ተራራው ወረደ። ላማቸውን ሊፈቱ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከነቤታቸው ተቀበሩ። አስከሬናቸው የተገኘው በሁለተኛው ቀን ነው። በካርታው ላይ ቤታቸው ቁጥር አሥራ አራት ነው።

«ጎረቤቶቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል። ወደ ቤታቸው ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ አለ። ከአደጋው በፊት ቤት ለቤት የተሰበሰበ መረጃ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው። በስልክ ነግሬአቸዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ይዤላቸው እሄዳለሁ።» መምህሩ ወደ ዘሩባቤል ዞሩ። «ከቦረቦሩ ማዶ ያሉትን ሦስቱን ቤቶች የጠየቅኸው አንተ ነህ አይደል? መጠይቁ ላይ ስምህን አይቻለሁ።»

ዘሩባቤል ቀና አለ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ያዩታል።

«አዎ፣ መምህር» አለ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

መጠይቁን የሞሉት በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ነበር። ሥራውን ተከፋፍለው ነበር የሄዱት። ብሥራት የተዳፋቱን ልክ በስልኩ እየለካ ይመዘግባል፤ ዘሩባቤል ደግሞ ሰዎቹን ያነጋግራል። ብሥራት ሶዶ ተወልዶ ቢያድግም የሚያውቀው ወላይትኛ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። አያቶቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ቤታቸው የሚወራው አማርኛ ነው። ዘሩባቤል የአረካ ገበሬ ልጅ ስለሆነ ሰዎቹ ገና ሰላምታውን ሲሰሙ በርጩማ ያወጡለታል። እያንዳንዱ ቤት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አሥራ ሦስተኛውን ቤት ሲጨርሱ ደመናው ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ያመጧቸው ባለሞተሮች ደግሞ ከታች ጥሩምባ እየነፉ ይጮኻሉ።

«ኧረ ኑ! ጭቃ ከሆነ አናወርዳችሁም፣ እዚሁ ታድራላችሁ!»

ያን ጊዜ ነው ከቦረቦሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ የታዩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭንቅላታቸው ላይ ላስቲክ የደፉ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ከበው ተጣሩ።

«የኔ ልጅ! እኔ ጋ አትመጣም? ከቤቴ ጀርባ የማሳይህ ነገር አለ!»

ዘሩባቤል ቦረቦሩን አየው። ወርዶ ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰማዩንም አየ።

«ነገ እመጣለሁ፣ አባባ!»

«ነገ?»

«ነገ!»

ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አድርገው መለሱለት፤ ተስማምተዋል። ዘሩባቤል ሲናገር እውነቱን ነበር። እንደሚመጣ አስቦ ነበር። ግን በማግስቱ ሲዘንብ ዋለ፤ ከማግስቱ ወዲያ የሎጂክ ፈተና ነበር፤ ከዚያ ማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣ የሦስቱን ቤቶች አባወራዎች ስምና ዕድሜ ቀበሌው ከሰጣቸው ዝርዝር ላይ ገለበጠ። አንጁሎ ቶማ፣ 68። ጥያቄ ሰባት፣ «በመኖሪያዎ አካባቢ የመሬት መሰንጠቅ አይተው ያውቃሉ?» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩ ትንሽ ቆመ። አሥራ ሦስቱም ሰዎች «የለም» ብለዋል። ሦስት ጊዜ «የለም» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ሊያሳዩት የፈለጉት ምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም። ቀኑን ሚያዝያ 4 አለው።

ከክፍል እንደወጡ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው ሣር ላይ ተቀመጡ። ከፊት ለፊታቸው ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ይታያል። ብሥራት ጫማውን ፈትቶ እግሩን ዘርግቷል።

«ልንነግራቸው ይገባል» አለ ዘሩባቤል።

«ምኑን?»

«አታስመስል ብሥራት። እዚያው ነበርክ።»

«ነበርኩ። ታዲያ ተራራውን እኔ ነኝ የገፋሁት?» ብሥራት ሣር ነቅሎ ወረወረ። «አቦ አትጨናነቅ። መንግሥተ ሰማያት እንደገባን ሁሉ መምህሩ እያሞገሱን ነው፣ አንተ ደግሞ የለቅሶ ቤት ፊት ይዘህ ትዞራለህ።»

«ሰኞ ወረቀቱ ሲደርስ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። እኔ ነጭ ስላደረግኳቸው። ልጆች አሏቸው።»

ብሥራት የተፈታ የጫማ ክሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለ። መልሶ ፈታው። ከዚያ የቀልድ ድምፁ ጠፍቶ፣ «እኔም እኮ እንቅልፍ የለኝም» አለ። «ሰውየው ሲጣሩ ሰምቻለሁ። ያሉትን ባይገባኝም ሲጣሩ ሰምቻለሁ። 'ምን አሉህ?' ብዬ እንኳ አልጠየቅኩህም። ግን አስበው፣ የፈጠራ መረጃ ሰጣችሁ ከተባልን ዲሲፕሊን ነው የሚጠብቀን። እኔ ሕግ ልመርጥ ነው። በኤፍ ሕግ የሚያስገባ ማን አለ? አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ 'ጠበቃው ልጄ' እያለ ነው የሚጠራኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ ስማኝ።» ብሥራት ወደ እሱ ዞረ። «ቅዳሜ ሂድ። አሥራ አምስትንና አሥራ ስድስትን ጠይቅ። ያሉህን እውነቱን ጻፍ። ስንጥቅ ካለ ካሬውን ቀይ እናደርገዋለን። ቀኑን ብቻ ሚያዝያ 4 በለው። መምህሩን 'የመጨረሻውን ቅጂ ነው ያመጣነው፣ የፊቱ ተሳስቶ ነበር' እንላቸዋለን። ሰዎቹም ይተርፋሉ፣ እኛም እንተርፋለን። ማን ይጎዳል?»

ዘሩባቤል አሰበበት። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ያስጨነቀውም እሱ ነው።

«አሥራ አራትስ?»

«የሞተ ሰው መጠይቅ ማን ይ...» ብሥራት አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ። «ይቅርታ» አለ ቆይቶ። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

ቅዳሜ ጠዋት ዘሩባቤል በሚኒባስ ሃላሌ፣ ከዚያ በሞተር መንደሩ ግርጌ ደረሰ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ባዶ መጠይቆችና፣ ለመምህሩ ኮፒውን ሰጥተው ያስቀሩት፣ የተሞላው የአሥራ አራት ቁጥር መጠይቅ ነበሩ። የመጨረሻውን ለምን እንደያዘው አያውቅም።

ቦረቦሩን ወርዶ ወጣ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከላይ ሲደርስ ቆመ። ተራራው በትልቅ ማንኪያ የተጨለፈ ይመስላል። ቀይ አፈር፣ ሥሩን ወደ ሰማይ የሰቀለ ባሕር ዛፍ፣ የተቀዳደደ ቆርቆሮ። ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር የሚያሳይ ምንም የለም።

ከዳርቻው መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ በቆመው ቤት ጓሮ አንዲት ሴት እንሰት ትቆርጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ነጠላ ወገቧ ላይ አስራለች። በወላይትኛ ሰላምታ ሰጣት፤ በወላይትኛ መለሰችለት። ስሟ ባሎቴ ነው። የሟቹ የአቶ አንጁሎ ልጅ ሚስት ናት። ይህም ቤት ቁጥር አሥራ አምስት መሆኑ ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ» አለ።

«አሜን። ባለቤቴ የለም፤ አርባ ምንጭ ሙዝ እርሻ ነው የሚሠራው። ለቀብሩ መጥቶ ተመለሰ። እኔም የምውለው እዚህ አይደለም፤ ለልጆቹ የሚበላ ልወስድ ነው የመጣሁት። ሰኞ ግን ተጠቃለን እንመለሳለን።»

«ማን አለ?»

«ከሶዶ የተጠና ወረቀት አለ ይላሉ። ቤታችሁ ንጹሕ ነው ተብሏል ይላሉ።» ቢላዋውን እንሰቱ ላይ አሳረፈችና መጠይቁን በእጁ ላይ አየችው። ከዚያ ፊቱን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። «አንተ ነህ? ያ 'ነገ' ያለው ተማሪ?»

«አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ስንት ተማሪ አለ! ማዶ ለማዶ የታየን ፊት ማን ያስታውሳል?

«እኔ ነኝ» አለ።

ባሎቴ አልጮኸችም፤ አልተራገመችም። አንድ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ መሬት ላይ አነጠፈችና ተቀመጠች። እሱ እንደቆመ ቀረ።

«በየጠዋቱ ቦረቦሩ አፍ ላይ ይቆሙ ነበር» አለች። «እኔ እስቅባቸው ነበር። 'የኮሌጅ ልጅ ነገ ካለ የዛሬ ዓመት ማለት ነው' እላቸው ነበር። 'አይደለም፣ የአረካ ልጅ ነው፣ በአነጋገሩ ለይቼዋለሁ፣ ይመጣል' ይሉኛል። ጎደሬ ቀቅለው ያስቀመጡልህ ቀን ነበር። ማታ ልጆቼ በሉት።»

ዘሩባቤል መጠይቆቹን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ባሎቴ ተነስታ ወደ ቤት ገባችና ከበሩ መቃን ላይ የተንጠለጠለ ነገር አውርዳ መጣች። የእንሰት ቃጫ ገመድ ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ እዚህም እዚያም ቋጠሮ አለው።

«ከቤታቸው ጀርባ መሬቱ ተሰንጥቆ ነበር። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ተከሉ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደው ይህን ገመድ ከችካል ችካል ይዘረጉታል። የደረሰበት ላይ ይቋጥራሉ። ማንበብ አይችሉም ነበር። 'ተማሪው ስንት ጨመረ ብሎ ሲጠይቀኝ ቋጠሮውን እቆጥርለታለሁ' ይሉ ነበር። ከመንገዱ ስትመጣ መጀመሪያ የምትደርሰው እኛ ቤት ስለሆነ እዚህ ሰቅለውልህ ነበር የሚሄዱት።»

ዘሩባቤል ገመዱን ተቀበለ። ዘጠኝ ቋጠሮዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በአንድ ጣት ስፋት ይራራቃሉ። ከዚያ በሁለት ጣት። በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል ግን መዳፉን ሲያስቀምጥ መዳፉ ልክ ገባ። በዚህ ሴሚስተር ከተማሩት ሁሉ፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ከሣሏቸው ግራፎች ሁሉ፣ እንዲህ የገባው አልነበረም። ሽማግሌው ብቻቸውን፣ በቃጫ፣ የተራራውን መውረድ ሲለኩ ከርመዋል። የሚያነብላቸው ሰው ነው ያጡት።

«ለሌላ ሰው አልተናገሩም?»

«ለሁላችንም ተናግረዋል። እኔ 'በጋው ያደረቀው ነው' አልኳቸው። ባለቤቴ በስልክ 'አባቴ አርጅቷል' አለ።» ባሎቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ልጆቼ እሳቸው ጋ ነበር የሚተኙት። ከሁለት ሳምንት በፊት 'ከእንግዲህ እናንተ ጋ ይደሩ' ብለው አመጡልኝ። እሳቸው ግን ላሟን ትተው አልመጡም። ላሟ እርጉዝ ነበረች።»

ከቆርቆሮው ላይ ጠብታ ይንጠባጠባል።

«ያን ቀን ብትመጣ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» አለችው።

«እጽፈው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ለመምህሬ አሳየው ነበር። ከዚያ...» ዘሩባቤል አሰበ። የሚያጽናናትን ወይም ራሱን የሚቀጣበትን ሳይሆን እውነቱን ፈለገ። «ከዚያ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ባሎቴ። ከዚያ ቢላዋዋን አነሳች። «ና፣ የእኛንም ላሳይህ።»

ከእንሰቱ ጀርባ፣ ከአቮካዶው ሥር ተነስቶ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ፣ መሬቱ ቀጭን አፍ ከፍቷል። ዝናብ ያወረደው አፈር ግማሹን ስለሞላው ሳያውቁ ቢራመዱ አይታይም። ዘሩባቤል ማስመሪያውን አውጥቶ ለካ። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር። ወደ ጎረቤቱ አጥር ሄዶ ደግሞ ለካ። ዘጠኝ። ከባሎቴ ጋር ወርዶ የአሥራ ስድስት ቁጥሩን አባወራ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አገኛቸውና ጠየቃቸው። ስንጥቁን አይተዋል፤ ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም።

ገመዱን ሊመልስላት ሲል ባሎቴ እጁን ገፋችው።

«ላንተ ነው የተቋጠረው» አለች።

ሃላሌ ሲደርስ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ረዳቱ «ሶዶ! ሶዶ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል። ዘሩባቤል በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ቦርሳውን ጭኑ ላይ እንደ ጠረጴዛ አደረገና ወረቀቶቹን አወጣ። የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት መልስ ተሞልቷል። የቀረው ቀኑ ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የብሥራት መልእክት ነው። «እንዴት ሆነ? ቀኑን እንዳትረሳ።»

ዘሩባቤል የጓደኛውን አባት አሰበ። አንድ ጊዜ ሱቃቸው በር ላይ አግኝተውት «አንተም ከጠበቃው ጋር ነህ?» ብለው ለስላሳ ጋብዘውታል። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ከፊቱ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሯቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አንድ ሰው ገባ። «ሶዶ! አንድ ሰው!»

በሁለቱም ላይ «ግንቦት 16» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ የአሥራ አራት ቁጥሩን መጠይቅ አወጣ። በቤተ መጻሕፍት ወንበር ላይ የጻፈው ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ፣ መስመሩ የተስተካከለ። ከጥያቄ አንድ እስከ ጥያቄ ሃያ ድረስ አንድ ረጅም መስመር አሰመረበት። ከላይ፣ ከአንጁሎ ቶማ ስም ጎን፣ «አልተጠየቁም» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «መረጃ ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ ላይ የነበረውን የራሱን ስም አልነካውም። ገመዱን በጥንቃቄ ጠቅልሎ ከወረቀቱ ጋር አያያዘው።

ለብሥራት «እንደመጣሁ አንተ ጋ እመጣለሁ፤ ማዶ ያሉትን ቤቶች የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ» ብሎ ላከለት። ከዚያ የመምህሩን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሃሎ፣ ዘሩባቤል» አሉ መምህር ወልደመስቀል። «በደህና ነው?»

በመስኮቱ በኩል፣ ሩቅ፣ የተጨለፈው ተራራ አንድ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

«መምህር፣ ሰኞ ከመሄድዎ በፊት የምነግርዎ ነገር አለ» አለ። «ስለ ቤት ቁጥር አሥራ አራት ነው።»